ፊት የሚፈገፈግበት በር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ዩንሊያን፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ የሚያንገላታሽ ሳል ዘንድሮም ጀመረሽ ወይስ ምሮሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? አሁንም አርፈሽ ተቀመጪ ሲሏት ዶሮ ልታባርር ዳገቱን ትወጣለች? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ ትምህርት ለመዱ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚያ ያለፈ ደህንነት ግን የለኝም፤ የምጽፍልሽም ስለዚያ ነው።

«ምን ነካት ይቺ ልጅ፣ ስልክ እያለ ወረቀት?» ብለሽ ሳትስቂብኝ አትቀሪም። ሰሞኑን ኃላፊዎቻችን ስልካችንን እየተቀበሉ ከማን ጋር ምን እንደተጻጻፍን ያዩ ነበር። ደውዬ እንዳልነግርሽ ደግሞ ራሴን አላምነውም፤ ገና «አለሽ ወይ?» ስትይኝ ለቅሶ ይቀድመኛል። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ እንዳታነቢላት። ከሥራ ተባርሬያለሁ።

በብሔራዊው በዓል ሳምንት በመዝናኛ ፓርካችን መግቢያ ላይ ሰው መረጋገጡን ሰምተሽ ደውለሽልኝ «አንቺ እዚያ ነበርሽ?» ስትይኝ፣ «የለሁበትም» ብዬሽ ነበር። ነበርኩበት። ነገሩ የተጀመረው እኔ በቆምኩበት በር፣ ከእኔ አፍ በወጣ ቃል ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሰው ይመጣል፣ ማሽኑ ፊት ይቆማል፤ ማሽኑ ቀድሞ በተላከለት ፎቶ ፊቱን ካወቀው ብረቱ ይከፈታል፣ ካላወቀው ይጮኻል። ትኬት የለ፣ ወረቀት የለ። ተኳኩላ የመጣችን ሙሽራ አላውቅሽም ይላል፤ ታሞ የከሳን ሰው አላውቅህም ይላል። ካርድ ማሽን ላይ ማሳለፍን መፈግፈግ እንደምንለው፣ ይህንንም ፊት መፈግፈግ ነው የምንለው። መጀመሪያ ስነግርሽ «ፊት ደግሞ ድስት ነው እንዴ የሚፈገፈገው?» ብለሽ ሆድሽን እስኪያምሽ ሳቅሽ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ሺህ ጊዜ ስለው ስለኖርኩ፣ ሌላ ትርጉም እንዳለው ረስቼው ነበር።

ያን ቀን ገና በማለዳው ሰዉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ግጥም ብሎ ነበር። ከበላያችን ባለው መቆጣጠሪያ ክፍል ሰው የበዛበትን ቦታ በቀለም የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ አረንጓዴ ሲሆን ልቀቁ፣ ቀይ ሲሆን ያዙ ይሉናል። ኃላፊያችን ፓንግ በሬዲዮ ፋታ አይሰጥም። «ሰባት ቁጥር! ተኛሽ እንዴ? ለአንድ ሰው አምስት ሰከንድ ነው ያልኩሽ! የሠርግ ፎቶ እያነሳሽልኝ ነው?» ይለኛል፤ የምቆመው ሰባተኛው በር ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ማሽኑ ሁለቴ እምቢ ካለ መታወቂያ አይተን በእጃችን እናስገባ ነበር። ያን ቀን ግን ሰልፉን ያጓትታል ተብሎ ተከለከለ። ማሽኑ እስኪያውቀው ድረስ ይፈግፍግ ተባለ፣ አለቀ።

እማማ ጓን የመጡት ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። አጠር ያሉ፣ ነጭ ጸጉራቸውን በጥቁር ሚዶ ወደ ኋላ የያዙ፣ አዲስ ጫማ የሚያስነክሳቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው «አንቺ ግቢ፣ ውኃ ገዝቼ እደርስብሻለሁ» ብላቸው ሄዳለች። ማሽኑ ጮኸባቸው። «እማማ፣ ፊትዎን ይፈግፍጉ» አልኳቸው። እኔን ያዩኛል። «ፊትዎን እኮ ነው! አላወቀዎትም፣ እንደገና ይፈግፍጉ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እንደገና ጮኸ። ከኋላ አንዱ «ባልቴቷ የሚገቡት ዛሬ ነው ወይስ ለከርሞ በዓል?» አለና ሰዉ ሳቀ። እማማ ጓን ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው ወደኔ ጠጋ አሉና፣ እኔ ብቻ እንድሰማቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ በባቡር ስንጓዝ አድረን እኮ ነው፤ እውነትሽን ነው፣ አልታጠብኩም» አሉኝ።

ሰምቻቸዋለሁ፣ እትዬ። ምን እንደመሰላቸውም ገብቶኛል። «ኧረ እማማ፣ ታጠቡ ማለቴ አይደለም፤ እዚህች ጋ ቀና ብለው ይቁሙ ነው ያልኩዎት» ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ግን በጆሮዬ ፓንግ ይጮኻል፣ ከፊቴ ሰው ይገፋል፤ እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር። «ቶሎ ይበሉ እንግዲህ» አልኳቸውና ቀጣዩን ጠራሁ።

በሰልፉ ብረት ሥር ሾልከው ወደ ኋላ ተመለሱ። የውኃ ቧንቧው ያለው ሰልፉ የሚጠመዘዝበት ጥግ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። እሳቸው እዚያ ሳሉ ከላይ ያዙ ተባልንና በሮቹን ዘጋን። ሩብ ሰዓት ያህል ሰው በሰው ላይ ተጠራቀመ፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አባቶች ይሳደባሉ። ከዚያ ድንገት አሥራ ስድስቱንም በር ባንዴ ልቀቁ አሉን። በዚያው ቅጽበት በድምፅ ማጉያ የጠዋቱ ትርኢት ሊጀመር ነው ተባለ። ሰዉ ሮጠ። ጥጉ ላይ ከኋላ የሚመጣው ከፊት የወደቀውን አያይም፤ ይወድቅበታል፣ እሱም ላይ ሌላው ይወድቃል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ብረቱ ሲጣመም ነው፤ ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ። አሥራ አንድ ሰው ተጎዳ። እማማ ጓን በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል አረፉ።

ባረፉ በማግስቱ ፓንግ ቢሮው ጠርቶኝ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ጎብኚዋ በእርጅና ምክንያት አእምሯቸው ተዛብቶ፣ የሠራተኛዋን መመሪያ ባለመከተል ከሰልፉ ወጥተዋል» ይላል። ካሜራው ሲመለሱ ያሳያል፤ ድምፅ ግን አይቀዳም። «አንቺኑ ለማዳን ነው እኮ፣ እህቴ። ዝም ብለሽ አትሚ» አለኝ። አተምኩ። አውራ ጣቴን ቀዩ ቀለም ላይ ጫን አድርጌ አተምኩለት። ብትቆጪኝ አልቀየምሽም፤ እኔም ራሴን ያላልኩት የለም።

የእማማ ጓን ልጅ ቺዩሮንግ ትባላለች፤ የአንቺ እኩያ ናት። ከዚያ ወዲህ የእናቷን ፎቶ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በየጠዋቱ የሠራተኞች መግቢያ ላይ መቆም ጀመረች። አትጮኽ፣ አትሳደብ። የሚያልፈውን ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «እናቴ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ለምን ተመለሰች?» ትላለች። መልስ ስታጣ ደግሞ «እኔን ፍለጋ ነው። ውኃ ብዬ ጥያት ባልሄድ አትመለስም ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ፓንግ «ከእሷ ጋር ቃል የተነፈሰ ሥራውን ይርሳ» ብሎናልና ሁላችንም መሬት መሬቱን እያየን እናልፋታለን። አምስት ቀን አለፍኳት። በስድስተኛው ቀን አላስቻለኝም።

ማዶ ካለው ኑድል ቤት ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ታጠቢ አልሻት?» አለችኝ። አላልኳቸውም፣ ይፈግፍጉ ነው ያልኳቸው፣ እሳቸው ግን ታጠቢ ያልኳቸው መሰላቸው አልኳት። «አልታጠብኩም ስትልሽ ሰማሻት?» አለችኝ። ሰምቻቸዋለሁ አልኳት። «ሰምተሽ ነው ዝም ያልሻት?» አለችኝ ደግማ። አዎ፣ ሰምቼ ነው አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን የቀረበላትን ኑድል ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣ «ሆስፒታል ስደርስ ልብሷ ላይ የጫማ ዱካ ያላረፈበት ቦታ አልነበረም። ፊቷ ግን ንጹሕ ነበር። የሸሚዟ አንገትጌ እርጥብ ነበር። እኔን ስትፈልግ እያለቀሰች የወደቀች መስሎኝ፣ እስከ ዛሬ እህል አልወርድ ያለኝ በዚያ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ታጥባ ነው ለካ! ታጥባ እየመጣች ነበር!» ትላለች። የኑድል ቤቱ ባለቤት ደንግጦ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ እሷም ይቅር አላለችኝም። ስትረጋጋ ወረቀት አወጣችና «አሁን ያልሽኝን በእጅሽ ጻፊው። እናቴን አእምሮዋ የዞረ ነው ብለው አይጽፏትም» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት፣ አተምኩላትም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ የሠራተኞቹ በር አላወቀኝም። ሁለቴ ቆምኩለት፣ ሁለቴ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ በጎኔ ያልፋል። ፓንግ ዕቃዬን በፌስታል ይዞ ወጣ፣ አስጨበጠኝና ተመለሰ። ጉዳዩ በዚህ ወር መጨረሻ ይሰማል፤ ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥተው ውሸታም እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ውሸትም አይደለም፤ አንዴ ዋሽቻለሁ። ጥፋቱን ሁሉ እኔው ላይ ይጭኑትም ይሆናል። በጣም ፈርቻለሁ፣ እትዬ። ግን የእኒያን ሴት ድምፅ ከእኔ ሌላ የሰማ የለም፤ እኔ ካልተናገርኩ እንዳልነበረ ነው።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጣሪያውን ዝናብ ሳይመጣ ይጠግን በይው። ለትልቁ ልጅሽ በርታ በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ቃል የገባሁላት አሻንጉሊት ከእኔ ጋር አለ። ለአጎታችንም፣ ለጎረቤቶቻችንም አንድም ሳይቀር ሰላም በይልኝ።

እማዬን ለብቻዋ አቅፈሽ ሳሚልኝ። በጸደይ በዓል ወደዚህ ላመጣት ቃል ገብቼላት ነበር። የሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ ይገባል ስላሉን፣ ከሁለት ወር በፊት የላክሽልኝን ፎቶዋን እኔው ራሴ ማሽኑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የእኔን ፊት ባንድ ቀን አጠፉት። የእሷንም አጥፉልኝ ብዬ ብሄድ፣ በሩ ላይ የሚያናግረኝ አጣሁ። ስለዚህ አሁንም እዚያ ማሽኑ ውስጥ አለች፤ ብትመጣ የማን እናት እንደሆነች ያውቃሉ። አደራ እንዳትልኪያት።

ታናሽ እህትሽ ዩንዚ

ቻንግሻ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2019