የጉድባው ወዲህና ወዲያ

መስከረም 21

ለቆፋሪዎቹ የገብስ ዳቦና ጠላ አደረስኩ። አባዬ ጉድባው ውስጥ ነው፤ ከላይ የሚታየው አካፋው ብቻ። ንጉሣችን ያዘዘው ድንበር ነው፤ ጉድባው ማዶ ወዳሉት ወደ ፓውሶች በኩል፣ የአፈሩ ካብ ወደ እኛ ወደ መርሲያዎች። ጠባቂው ኦስሪክ ዛሬም አልማረኝም። «ሚልድጊት፣ አፍሽን ቤት ረስተሽው መጣሽ?» ሁሉም ሳቁ። እኔ... መሬት መሬቱን አየሁ።

ለምንድን ነው ድምፄ የማይወጣው?

መስከረም 25

ከሰል አክሳዩን ገደሉት። ጫካውን ሲያቋርጥ አልጮኸም፣ ቀንደ መለከትም አልነፋም። ሕጉ ያው ነው፤ ከመንገድ ወጥቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ሌባ ነው። የወጋው ኦስሪክ ነው። «ዝም አለ እኮ! ምን ላድርግ?» ሲል ሰማሁት። እጁን በሣር ደጋግሞ ይጠርግ ነበር።

ዝም ያለ ሁሉ ይገደላል? እኔስ?

ጥቅምት 3

የእማዬ ሆድ ወርዷል። ያለ እህቴ አልወልድም ትላለች። እኔን ስትወልድ ያዋለደቻት አክስቴ ሄሌድ ናት። አክስቴ ግን ከጉድባው ማዶ... እማዬ የፓውስ ልጅ ናት፤ አባዬ አግብቶ ነው ወዲህ ያመጣት። ያኔ መሀል ላይ ሜዳ ብቻ ነበር። «አሁንማ እኔና እህቴ ጠላት ተባልን» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 9

ማለዳ እማዬን ምጥ ያዛት። ሕፃኑ አልመጣም፣ ደም ብቻ። አባዬን ለቁፋሮ ወደ ሰሜን ወስደውታል፤ ቀንደ መለከታችንም አብሮት ሄዷል። ጎረቤታችን ኤድቡርግ እማዬን ደግፋ ጮኸችብኝ። «ሩጪ! አክስትሽን አምጪ! በካቡ በር አያሳልፉሽም፣ ካቡ ባልተዘጋበት በጫካው በኩል!»

ስሄድ ጉሙ ሸፈነኝ፣ ማንም አላየኝም። አክስቴ ምንም ሳትጠይቅ ተነሳች። ስንመለስ ጉሙ ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማን። ጠባቂ! አክስቴ በጆሮዬ «እኔ ከጮህኩ በአነጋገሬ ያውቁኛል። አንቺ ነሽ የምትጮኺው፣ ልጄ» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም። የደጋን ጅማት ሲወጠር ሰማሁ... የእማዬ ደም ትዝ አለኝ።

«ሚልድጊት ነኝ! የኬንዋልድ ልጅ! አዋላጅ ይዤ ነው! እናቴ ልትሞትብኝ ነው!»

ኦስሪክ ከጉሙ ወጣ። አክስቴን አየ፤ ልብሷን፣ የፓውስ ጫማዋን። ደጋኑን ዝቅ አደረገ። «እየጮኽሽ ሂጂ። ወደፊት ሌሎች አሉ። እንዳታቋርጪ!»

ቤት እስክንደርስ አላቋረጥኩም።

ጥቅምት 10

እህት አለችኝ። እማዬ ሾርባ ቀመሰች።

ጥቅምት 16

አክስቴ ሄደች። ነገ የጫካው በኩል ክፍተት ይደፈናል፤ ከሚደፍኑት አንዱ አባዬ ነው። «ጠዋት ጠዋት ካቡ ላይ ወጥተሽ ጥሪኝ፣ እመልስልሻለሁ። ካልመለስኩ ሞታለች በይ!» አለችኝ ስትሰናበተኝ፣ እየሳቀች። እንዲህ ያለ ቀልድ አለ?

ኅዳር 2

ትናንት ከማዶ ጭስ ታይቶ ነበር። የምድጃ ጭስ አይደለም፣ ወፍራም። ከእኛ ወገን ፈረሰኞች ተሻግረው ነበር ይላሉ። እማዬ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ማዶ ታያለች።

እንደ ወትሮዬ ጠዋት ካቡ ላይ ወጣሁ። «አክስቴ ሄሌድ!» ምንም። ደግሜ ጮህኩ። ምንም...

ኦስሪክ ከታች «ኧረ ቀስ! ጆሮዬን አደነቆርሽው እኮ!» አለ።

«ዝም በል ኦስሪክ» አልኩት። «መልሷን ልስማ።»