ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎችና አንድ ቁርጥ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ዛሬም ያጓራል። ቴፑ ገና ሳይከፈት ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ እምምም ይላል። ለዚህ ነው እንዴ ዕቃው እስኪመጣ ያን ያህል የጓጓሁት?

ርካሽ አምፕሊፋየር ነው፤ ለሄድፎን የሚሆን። በኢንተርኔት አዝዤ፣ ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዬ ተቀብላ ልካልኝ፣ ሞባይል በምጠግንበት ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ራሴ ገጣጠምሁት። መዳፍ የምታክል ሰሌዳ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ የድምፅ ቁልፍ፣ ከላይ ሁለት ትንንሽ የብርጭቆ ቱቦዎች። ድሮ በትልልቆቹ ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ የነበሩት ዓይነት።

ሰዎቹ ተንኮለኞች ናቸው። ከቱቦዎቹ ሥር ብርቱካንማ መብራት ሸጉጠዋል፤ ቱቦው የጋለ እንዲመስል። ተናድጄ ነቅዬ ጣልኋቸው። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ከብርጭቆው ውስጥ ክር የምታህል ቀይ ነገር ብቅ አለች፤ የራሷ፣ እውነተኛዋ። እጄን ከጠረጴዛው ማንሳት አቃተኝ። ኤሌክትሪክ ስነካካ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ሲሠራ ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

ማጓራቱን ግን አልተወም። ቤት ስገባ አባባ «ደረሰ ወይ?» አሉኝ። «ትንሽ ይቀረዋል» አልኋቸው።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ያደረግሁት፦ የመሬት ሽቦውን ቀየርሁ። የድምፅ ቁልፉን እንደገና በየድሁ። ቱቦዎቹን አቀያየርሁ። አውራ ጣቴን አቃጠልሁ። ለውጥ የለም።

የቸኮልሁበትን ምክንያት እዚህ ልጻፈው፤ ለሰው ባወራው ሐሜት ይሆንብኛል። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቁሐር ሚካኤል ተማሪዎች ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በቅርቡ ከይፋግ አንድ ወጣት መሪጌታ መጡ፣ መሪጌታ ጥበቡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ለሚካኤል የሚባለውን ዜማ ከአባባ ተማሪዎች ጋር ሲያጠኑ አንድ ቦታ ላይ ተለያዩ። ተማሪዎቹ ድምፃቸውን ቆርጠው፣ አንድ አፍታ ዝም ብለው ይቀጥላሉ። እሳቸው ዝም ሳይሉ ያልፋሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ እዚህች ላይ ቁርጥ የለችም» ብለው መጽሐፉን ገልጠው ምልክቶቹን አሳዩዋቸው።

አባባ መጽሐፉን አላዩም። «እኔ ተየኔታ አፍ የሰማሁትን ነው ያስተማርሁ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «እሳቸው ያልቆረጡ ከሆነ ወንበሬን ላንተ እለቃለሁ» አሉ። ተማሪዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። አባባ ደግሞ ያሉትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

አባባን ያስተማሩት የየኔታ ድምፅ ያለው በአንድ ካሴት ብቻ ነው። ጣራ ገዳም አጠገብ ሲያስተምሩ አንድ እንግዳ የቀዳው፤ እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ካሴቱ በቴፑ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ሽሽሽ ይበዛበታል፣ የአባባም ጆሮ ደከም ብሏል። ዜማው ይሰማል፣ ያቺ ቦታ ግን አትለይም። የሚካኤል በዓል ደግሞ መድረሱ ነው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሁሉንም ነቃቅዬ ከመጀመሪያው በየድሁት። ሱቅ የመጣ ሰው ሁሉ «ስልኬስ?» ይለኛል፣ እኔ ቱቦ ላይ አፍጥጫለሁ። አንዷ ደንበኛዬ «ባል አገኘሽ መሰል፣ ልብሽ እዚህ የለም» አለችኝ። ባል ቢሆን ይሄኔ ትቼው ነበር።

ማምሻውን ሰካሁት። እምምም።

ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ቆየሁ። ነገ ቁስቋም ስለሆነች መበየጃ አይነካም። ተሸንፌያለሁ ብዬ ልንገራቸው?

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ቁስቋም

በበዓል መበየድ ሥራ ነው፣ ማዳመጥ ግን ሥራ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁና ረፋድ ላይ ወደ ሱቅ ሄድሁ። ሰካሁት። ቱቦዎቹ ጋሉ። ሄድፎኑን አደረግሁ።

ምንም የለም። የተቃጠለ መሰለኝ። የድምፅ ቁልፉን እስከ ጥግ አዞርሁት፤ ጸጥ። ሄድፎኑን አውልቄ ወደ ደጅ ወጣሁ፣ መንገዱም ጸጥ ብሏል። ያኔ ነው የገባኝ። በሰፈራችን ያሉት የሩዝ መፈልፈያዎች ሁሉ ለበዓሉ ተዘግተዋል። አዝመራው ከገባ ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮኹ ጆሯችን ስለለመዳቸው መኖራቸውንም ረስተነዋል። እነዚያ ሞተሮች እኔ ከምጠቀምበት መስመር ነው የሚስቡት፤ ሲያጓራ የከረመው የእነሱ ኤሌክትሪክ ነው። ደህናውን ዕቃ ነው ስነቅል ስበይድ የከረምሁት። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ካሴቱን ከፈትሁ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ሽሽሽታው አለ፣ ግን ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከፊቱ ሰው ቆሟል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ደግሞ ቅርብ ነው። መቋሚያው መሬት ሲነካ ይሰማል፣ መሬቱ አፈር መሆኑ ሳይቀር ይታወቃል። ከሩቅ አንድ ተማሪ ያነጥሳል። ጸጉሬ ቆመ። ይህ ሁሉ በዚያች ቀጭን የካሴት ክር ውስጥ ሲኖር፣ ሲያልፍም ስንት ዓመት ማንም አልሰማውም።

ያቺ ቦታ ደረሰች። የኔታ ቆረጡ። ተመስገን ልል ስል፣ በዝምታው ውስጥ ሌላ ነገር ሰማሁ። መልሼ ከፈትሁት። ትንፋሽ ነው። ያጠረው፣ ከደረት ሥር ሲር ሲር የሚል የታማሚ ትንፋሽ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ነው የቀጠሉት። ዜማው አልተቆረጠም፤ ሰውዬው ነው የደከማቸው። አባባ ያንን ድካም እንደ ዜማ ተምረው፣ እንደ ዜማ አስተምረው፣ እነዚያ ሁሉ ተማሪዎች እዚያች ቦታ ላይ ዝም ሲሉ ኖረዋል።

ቱቦውን አንድ ጊዜ መታ ባደርገው ይሰበራል፤ ተበላሸ እላቸዋለሁ። ይህን በእውነት አሰብሁት። ወንበሩን ከለቀቁ ምን ይሆናሉ? ጠዋት የሚነሱት ለእሱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን ቀጥታ ወደ ሱቅ መጡ። ደጁ ላይ ነጭ ለብሰው ቆመው «ዛሬስ?» አሉ። መዋሸት አልቻልሁም።

ጥምጥማቸውን አወለቁ፤ ሄድፎኑን አደረግሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ሲጀምር እጃቸው ጠረጴዛውን ያዘ። ቦታዋ ስትደርስ ፊታቸው በራ፣ «አለች» አሉ። «መልሽልኝ።» መለስሁት። «መልሽልኝ።» በሦስተኛው ፊታቸው ተለወጠ።

«ትንፋሻቸው ነው» አሉ። «ያኔ ሳል ጠንቶባቸው ነበር። እኔው ነበርሁ ውኃ የማቀብላቸው።»

አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል «ተይ፣ ስንዱ» አሉኝ። «አጠገቤ ቆሙ እኮ። ድምፃቸውን እንጂ ትንፋሻቸውን ዳግም እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።» እስኪመሽ ሲያዳምጡ ዋሉ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

አባባ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። ተማሪዎቹ ግቢ መጥተው ይመለሳሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው «ጥገቢ አንቺ» ይሉኛል።

ዛሬ ተማሪዎቹንም መሪጌታ ጥበቡንም አስጠሩ። በሁሉም ፊት «የየኔታን ሕመም ዜማ ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ተዛሬ ወዲያ ሳትቆርጡ እለፉ» አሉ። ወደ ወጣቱ ዞረው «ወንበሩ ያንተ ነው» አሉ።

መሪጌታ ጥበቡ «እኔም ልስማቸው?» ብቻ አሉ። እሑድ ስለሆነ መፈልፈያዎቹ ዝም ብለዋል፤ ሱቅ ወሰድኋቸው። አንድ ጊዜ ሰሙ። ሄድፎኑን ቀስ ብለው አስቀምጠው ቱቦዎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። አመስግነውኝ ሄዱ። ምን እንዳሰቡ አላወቅሁም፤ ጨዋነታቸው ዛሬም አናደደኝ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል

አባባ አልሄድም ሲሉ አድረው ጠዋት ነጠላቸውን ጠየቁኝ።

ቁሐር ሚካኤል ሰው መፈናፈኛ አጥቷል። ታቦቱ ወጥቶ ቆመ፣ ሊቃውንቱ ዙሪያውን ያዙ። አባባ ከዳር ሊቆሙ ሲሉ መሪጌታ ጥበቡ ክንዳቸውን ይዘው ወደ መሐል አስገቧቸው። ያ ዜማ ተጀመረ። እኔ ሴቶቹ መሐል ሆኜ ቦታዋ እስክትደርስ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ደረሰች። ተማሪዎቹ እንደታዘዙት ሳይቆርጡ አለፉ። አባባ ግን አልቻሉም። ዝም አሉ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ ከዚያ ከሁሉም ኋላ ብቻቸውን ቀጠሉ። ብቻቸውን መሰለኝ እንጂ ከጎናቸው ሌላ ድምፅ ነበር። መሪጌታ ጥበቡም ከእሳቸው ጋር ዝም ብለው፣ ከእሳቸው ጋር ነው የተነሱት። ቁርጥ የለም ያሉት ሰው።

ወደ ቤት ስንመለስ በሩዙ ማሳ ዳር ቀስ ብለን ሄድን። መሪጌታ ጥበቡ ወንበሩ ላይ እስከ ዛሬ አልተቀመጡም። በሩ ላይ ስንደርስ ግን «ነገ ልጆቹ ሲመጡ ተኝቼ እንደሆን ቀስቅሺኝ» አሉ።