ለቅሶ የደረሰልሽ ጭላዳ

እማየ፣ የኔ እናት፤ ካረፍሽ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እዚህ ካርቱም ክረምቱም በጋውም ያው አሸዋና ፀሐይ ነው፤ አሁን ጉና ላይ ገብሱ እሸት ይዞ ይሆናል እያልኩ በልቤ እገምታለሁ እንጂ።

ያገር ቤት ወሬ የማገኘው በመተማ በኩል ከሚመላለሰው ከደብረ ታቦሩ ነጋዴ ከሰይድ ነው። ቤትሽን አክስቴ ይዛዋለች። ማሳሽን ገበሬ ማኅበሩ ለአዲስ ተጋቢዎች ሰጠው። ታናሼን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል፤ እስካሁን ድምፁ የለም። ይህን ሳታዪ በመሄድሽ አንዳንዴ ተመስገን እላለሁ።

መርዶሽንም ያረዳኝ ሰይድ ነው፣ የአሠሪየ በር ላይ ቆሞ። እንዴት ብየ ላልቅስ እማየ? ቤቱ የሰው ቤት፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ድስት ጥጃለሁ። አይዞሽ ብሎ እጄን የሚይዝ ያገሬ ሰው በሰፈሩ የለም። ገባሁና ድስቱን አማሰልኩ፣ በቃ። አንቺ እኮ ወንዝ ቢሞላ እንኳ የሰው ለቅሶ ቀርተሽ አታውቂም! ያንቺን ግን እኔ፣ አንዲት ሴት ልጅሽ፣ ሳልደርስ ቀረሁ።

ባለፈው ዓርብ አሠሪየ ልጆቹን አራዊት የሚታዩበት ግቢ ውሰጂልኝ አለችኝ። ሙቀቱን ምኑን ልንገርሽ፤ አየሩ ይርገበገባል፣ ዛፉም ሰዉም በሕልም የሚታይ ይመስላል። አንበሳው ተኝቷል፣ ጉማሬው ውሃ ውስጥ ጠፍቷል። ልጆቹ ወደ አንድ ጥግ ጎተቱኝ። ከሽቦው ኋላ ማን ቁጭ ብሎ ባይ ጥሩ ነው? ጭላዳ! ያ ጎፈሩ መሬት የሚደርስ፣ ያ ደረቱ የቀላ፣ ያ ገብስሽን ሲግጥ የኖረው ቀማኛ! ብቻውን፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ።

ሳየው ሙቀቱ ጠፋ። ጉም ወረደ፣ የጉና ብርድ ጣቴን ቆረጠመኝ። አንቺ ወንጭፍሽን ይዘሽ ከማሳው ዳር ቆመሻል፤ ገደሉ እስኪያስተጋባ ትጮሂባቸዋለሽ። እነሱም አፋፉ ላይ ሲደርሱ ዞር ይሉና ከንፈራቸውን ገልብጠው ጥርሳቸውን ያሳዩሻል። እነዚህ ባለጌዎች ሳቁብኝ እኮ እያልሽ ትንጨረጨሪ ነበር። እኔ ደግሞ ካንቺ ተደብቄ አብሬያቸው እስቅ ነበር።

እንጃ ምን እንደነካኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ባንቺ ድምፅ ጮህኩ፦ ወግድ አንተ ቀማኛ!

ልጆቹ አፈሩብኝ። ጠባቂው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጭላዳው ግን ብድግ አለና ገደል ፍለጋ ግራ ቀኝ አየ፤ ገደል የለም። ዞረና ከንፈሩን ገለበጠልኝ። ሳቅሁ እማየ፤ በሳቁ መሀል ለቅሶው መጣ። ሽቦውን ይዤ፣ ስምሽን እየጠራሁ፣ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩልሽ። እሱም አልሸሸም፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ያን የቀላ ደረቱን ሳየው ከኔ ቀድሞ ሲመታ የዋለ ለቀስተኛ መሰለኝ። ጠባቂው ሰው እንደሞተብኝ ሲገባው ዱላውን ጥሎ ውሃ አመጣልኝ።

አትቆጪኝ እማየ። ዕድሜሽን ሙሉ በድንጋይ ያባረርሽው ነው፤ ግን እዚህ ካገሬ ለቅሶ የደረሰልሽ እሱ ብቻ ነው። ከጉና ይምጣ ከስሜን አላውቅም፤ እኔ የጉና ነው ብያለሁ። ፈቃድ ባገኘሁ ዓርብ ሁሉ እሄድለታለሁ። ገብስ የት አባቴ አገኛለሁ፣ ዳቦ እወስድለታለሁ። ዳቦውን ከመስጠቴ በፊት ግን እንዳንቺ አንዴ እጮህበታለሁ፤ እኔም እሱም ድምፅሽን እንዳንረሳው።

ልጅሽ የሻረግ