ከነፋሱ ፊት ተራ በተራ

ይህ ወረቀት ለታላቅ እህቴ ለእታለም ይድረስ፤ የምታነበውም ቁጭ ብላ ይሁን።

እንዴት ነሽ እታለም? እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን አሁንስ እንዴት ያደርግሻል? አባባስ እንዴት ናቸው? ቀኝ እጃቸው አሁንም የአልጋውን ብረት እያንኳኳ ቤቱን ያስተዳድራል? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? ያቺ ከአባባ እግር ሥር ካልሆነ አልተኛም የምትለው ድመትስ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከሁለቱ ጭኖቼ በስተቀር ደህና ነኝ። የጭኖቼን ነገር ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክማ አንቺን ማን ችሎሽ! እንዴት ናችሁ ስልሽ ደህና ነን፣ አንተ በልተሃል ትዪኛለሽ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ከሦስት ወር በፊት ልምጣና ትንሽ ላሳርፍሽ ብዬ አፌን ሳልገጥም፣ ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው፣ አባቴን ለማንም አልሰጥም፣ አንተ ሥራህን ሥራ ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ አየሩ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ደግሞ አንሶላ ስታጥቢ ራስሽን ስተሽ መውደቅሽን ከባለቤትሽ ሰማሁ። አትቆጪው፣ አምልጦት ነው፤ ፀጉር አስተካካይ መቼ ምስጢር ይዞ ያውቃል? አንቺ ግን በማግሥቱ ስደውል ያው ደህና ነን ነበር ያልሽኝ። ስለዚህ ወረቀት መረጥኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ ይኸውልሽ፤ ሞኙ ደግሞ ከታች ይመጣል።

ወሬው ይህ ነው፦ ወንድምሽ ባለፈው እሑድ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በብስክሌት ነዳ። አትሳቂ! አዎ፣ ያ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ የሚያርፈው ወንድምሽ።

ነገሩ የተጀመረው ከሥራ ቦታዬ ነው። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ውስጥ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ከላይ ካሉት አምስት ፎቆች የሚወርደው አንሶላ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንጠጋጋለን፣ እናጥፋለን፣ መልሰን እንራራቃለን። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ስንል ላየን ሰው ጭፈራ የያዝን ይመስለዋል። መስኮት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው እንፋሎት ነው። በጓሮ በር ለሕሙማኑ ዳቦ የሚያመጣው ዳቦ ጋጋሪ አንድ ቀን ፊቴን አየት አደረገና፣ አንተ ሰውዬ፣ ራስህም ታጥበህ የተጨመቅህ ትመስላለህ፣ እሑድ እሑድ ለምን ከእኛ ጋር ብስክሌት አትነዳም አለኝ። ጓዳው ውስጥ አቧራ የጠገበች ብስክሌትም አዋሰኝ። መጀመሪያ ቀን መንደሩን ዞሬ ስመለስ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ እራት በላሁ።

አምስት ወር እንዲህ እንዲያ ብለን፣ ባለፈው እሑድ አሥራ አንድ ሆነን እስከ ግድቡ ድረስ ለመሄድና ለመመለስ ተነሳን። መሪያችን እማማ ፖስታ የምንላቸው ሴት ናቸው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳውን ዓመት በብስክሌት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። መጀመሪያ ሳያቸው በልቤ፣ እኚህን እንኳ አልፋቸዋለሁ ብዬ ነበር። ዳገት ላይ ግን እስከ ዛሬ ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።

አሁን የጉዞውን ሕግ ላስረዳሽ፤ ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አንዱ ከሌላው ጎማ ኋላ ተጠግቶ በአንድ መስመር ይነዳል። ነፋሱን የሚጋፈጠው ከፊት ያለው ብቻ ነው፤ የተቀረው ከሱ ጀርባ ተከልሎ ይሄዳል። ከፊት ያለው አምስት ደቂቃ ያህል ከነዳ በኋላ ቀኝ ክርኑን ነቅነቅ ያደርጋል። ተሸነፍኩ ማለቱ አይደለም፣ ተራዬን ጨርሻለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ጎን ወጥቶ ቀስ ይላል፣ ሰልፉ ያልፈዋል፣ እሱም ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይገባል። ነፋሱን ደግሞ ቀጣዩ ይረከባል። ማንም አይለምንም፣ ማንም አያመሰግንም።

ስንሄድ እንደ ሰርግ ነበር። አየሩ ጭጭ ብሏል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪው ከኋላ ሆኖ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ይዘፍናል። ግድቡ ላይ ደርሰን ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋን፤ ጫማችንን አውልቀን ዳቦ ጋጋሪው የያዘውን ዳቦ በላን። እዚያ የተነሳነውን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ። ከዳር ሆኖ ሆዱን ወደ ውስጥ የሳበው እኔ ነኝ።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሳ፤ ያውም ፊት ለፊት። ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ሰማንያኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ተራው የእኔ ሆነ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ከኋላ እማማ ፖስታ ክርን! ክርን! እያሉ ይጮኻሉ፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ለምን እንደሆነ እውነቱን ልንገርሽ? ግማሹ ጉራ ነው፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ግማሹ ግን የቤታችን ትምህርት ነው። በእኛ ቤት ከፊት የሆነ ሰው ተራ አይለቅም። አባባ ትኩሳት ይዟቸው እንኳ አውቶቡሱን ከመንዳት አልቀሩም። አንቺም እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያው ነሽ፤ መጀመሪያ እኔን አሳደግሽ፣ አሁን ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ አባባን ታነሺያለሽ፣ ታስተኚያለሽ፣ ታገላብጫለሽ። ክርን መነቅነቅን ከማን ልማር?

ከሃያ ደቂቃ በላይ እንደነዳሁ ዓይኔ ጨለም አለብኝ። ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ እኔን ላለመግጨት መሪውን ጠምዝዞ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ነፍሱ ተርፋለች፣ አጥንቱም ደህና ነው፤ ግን እጁ ተልጦ ደም በደም ሆነ። የተላጠው ደግሞ ክርኑ ነው። እግዜርም አንዳንዴ ይቀልዳል።

አሥራ አንዳችንም ቆምን። እኔ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እንቀጥል እላለሁ። እታለም፣ ያቺ ደህና ነኝ ከአፌ ስትወጣ ድምፁ ቁርጥ የአንቺ ነበር። ደነገጥኩ። አንቺም ወድቀሽ ስትነሺ እንዲሁ እንዳልሽ አወቅሁ፤ እርጥቡን አንሶላ ከእጅሽ ሳትለቂ።

እማማ ፖስታ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ውሃ አጠጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ልጄ፣ ከፊት መቆየት ደግነት እንዳይመስልህ አሉኝ፤ አንተ ስትወድቅ የምትወድቀው ብቻህን አይደለም፣ ደግሞስ እኛን ምን አደረግኸን፣ እግር የሌለን አስመሰልኸን እኮ አሉኝ። ዳቦ ጋጋሪውን ይቅርታ ስለው በመሐረብ የታሰረ ክርኑን ነቅነቅ አደረገልኝና ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ መሃል አስገቡኝ። እየነዳሁ ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ የቆመ መሰለኝ። እፎይ፣ አየሩ ተሻለው ብዬ ወደ ጎን ወጣ ስል ፊቴን በጥፊ አጠናገረኝ። ለካ አልቆመም፤ ከፊቴ ሆኖ የሚቀበልልኝ ሰው ስላለ ነው። እዚያ ላይ አለቀስኩ፤ ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንቺ ጀርባ ተከልዬ፣ እሑድ እሑድ እየደወልኩ፣ እዚያ ቤት ነፋስ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ይቅር በይኝ እህቴ። ላሳርፍሽ ብዬ ስደውልም እንደ ትልቅ ውለታ ነበር ያወራሁት፤ ብትዘጊብኝ አይገርምም።

ከተማው ሲቀርብ ተራዬ እንደገና ደረሰ። ልንዝለልህ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ። አምስት ደቂቃ ነዳሁ፤ ከዚያ ክርኔን ሰፋ አድርጌ ነቀነቅኩት። ከኋላ የተነሳው ጩኸት ውድድር ያሸነፍኩ አስመሰለው። መቶ ሃያውን ኪሎ ሜትር የጨረስኩት ከሁሉም ኋላ ሆኜ ነው፤ ግን ጨረስኩት። ሁለት ቀን ደረጃውን የወረድኩት በቂጤ ነው፤ ጭኖቼን የሚመለከተው ይኼው ነው።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያልወሰድኩት ዕረፍት ተጠራቅሞ ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። እሷም ሰው መሆንህን ዛሬ ገና አወቅሁ ብላ ፈረመችልኝ። ሐምሌ ስድስት ቀን እገባለሁ። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ስለዚህ አትምጣ ለማለት ጊዜው አልፏል። እስከዚያው ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ከሥራ ሰዓት በኋላ ታስተምረኛለች። ሰው ከአልጋው ሳይነሳ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ጀርባ እንዳይቆስል ምን እንደሚደረግ፣ በሽተኛው እንደተኛ አንሶላ እንዴት እንደሚቀየር። የመጨረሻውንስ እኔው አስተማርኳት ማለት ይቻላል። አንሶላ ሥራዬ መሆኑን አትርሺ።

አባቴን ለማንም አልሰጥም ብለሽኛል። እኔ ማንም አይደለሁም፤ አባቴም ናቸው። ሦስት ወር ሲያልቅስ ትዪ ይሆናል። ሲያልቅ ባለቤትሽም አለ፣ ትልቋ ልጅሽም አድጋለች። እግር የሌለን አታስመስይን። አንቺ ብትወድቂ አባባን ብቻ አይደለም፣ ሁላችንንም ነው ይዘሽን የምትወድቂው።

በይ እንግዲህ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአባባ በቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብለሽ፣ ልጅዎ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነዳ በያቸው። ስንት ተሳፋሪ ጫነ ማለታቸው አይቀርም፤ አሥር፣ አንዱን ቦይ ከተተው በያቸው። ለባለቤትሽ፣ ምስጢር ስላልያዘልኝ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ፀጉሬንም እሱ እስኪቆርጠኝ አሳድጌዋለሁ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለደብተሯ ጊዜ እንዲኖራት አጎቷ እየመጣ ነው በያት። ለትንሹ፣ ብስክሌት ቃል አልገባሁም፣ ግን መንዳት አስተምረዋለሁ። ለድመቷም፣ የእግርጌውን ቦታ እንደማልሻማት ንገሪያት።

ስደርስ በሩን የምትከፍቺው አንቺ እንደምትሆኚ አውቃለሁ፤ እጅሽም እንደ ልማድሽ እርጥብ ይሆናል። ምንም አትበዪኝ። ለምን ደከምክም፣ በልተሃልም አትበዪኝ። አንዴ ብቻ፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ክርንሽን ነቅነቅ አድርጊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶትም አንቺ ማሙሽ የምትዪው

ከልብስ ማጠቢያው ማዶ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ ፱ ቀን