የወንድምሽ ስልክ ዝም ያለበት ምክንያት

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? ሕፃኑስ ጡቱን በደንብ ይይዛል? እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ቀን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ነው የጻፍኩት፤ እጄ እንደምታውቂው ቀርፋፋ ነው።

የኔ ስልክ ከተበላሸ ወዲህ የወንድምሽን ይዤ እንደምኖር ነግሬሽ ነበር። ያ ልጅ ገመናውን መጠበቅ የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ፍራሽ ሥር የደበቀውን ደብተር አውጥተሽ ጮክ ብለሽ ስታነቢ፣ መጥረጊያ ይዞ ግቢውን ሙሉ ያሳደደሽ ትዝ ይልሻል? ያኔ ቤቱ ለጩኸታችሁ አይበቃም ነበር። እኔም "ኧረ ዝም በሉ!" እላችሁ ነበር፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ሲያድግ ደግሞ ስልኩን እንደ ደብተሩ አደረገው። "እማዬ፣ የሰው ስልክ ሁሉ ወሬኛ ነው፤ የኔ ግን ጨዋ ነው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ድምፅሽ ሲጠፋ ጨነቀኝና ስልኩን መንገድ ዳር ወዳለው ጠጋኝ ወሰድኩት። እሱ እንዳስረዳኝ፣ በሌላው ሰው ስልክ መልእክት ሲመጣ የአንድ ትልቅ ድርጅት ፕሮግራም እንደ ዘበኛ ሆኖ የተኛውን የመልእክት መተግበሪያ ይቀሰቅሰዋል። ዘበኛው ግን ለማን መቼ መልእክት እንደመጣ ያያል። ወንድምሽ ይህን ስላልወደደ ዘበኛውን አሰናብቶታል፤ ስለዚህ መተግበሪያው ራሱ መስመሩን ይዞ ነቅቶ መጠበቅ አለበት። ለካ ስልኩ "ይህ ባትሪ እየበላ ነው፣ ላስቁመው?" ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ባትሪው አልቆ መስታወቱ ሲጠቁር ማየት አልችልም ነበርና። ጠጋኙ "እማማ፣ ጆሮውን ደፍነው ለምን አይሰማም ይሉኛል?" ብሎ ሳቀ። ዘበኛውን ልመልስልዎት ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ ልጄ ያስወጣውን እኔ አላስገባም። መስመሩን ብቻ አስያዘልኝ፤ አሁን በቀን ሁለቴ ቻርጅ አደርገዋለሁ።

መተግበሪያውን ሲከፍተው የሦስት ሳምንት መልእክትሽ ተግተልትሎ ገባ። ስትደውዪ የከረምሽውም በዚያው ነበር። የመጨረሻው "ለቀብሩ ስላልደረስኩ ተቀይመሽኛል፤ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም" ይላል። መልስ ብልክ አላየሽውም፤ ብደውል አታነሺም። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ።

እውነቱን ልንገርሽ። ወንድምሽ አልጋ ይዞ ሳለ "ልምጣ ወይ?" ስትዪኝ "ቀላል ሕመም ነው፣ አትምጪ" ብዬሽ ነበር። ያን ያልኩሽ ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ከነገረኝ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ነበርሽና መንገዱን ፈራሁልሽ፤ አንዱን ሳጣ ሌላዋንም አላጣም አልኩ። ሳትሰናበቺው የቀረሽው በኔ ነው። መቀየም ካለ ያንቺ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፣ ብታለቅሺብኝ አልቅሺብኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ባለቤትሽን አደራህን በርታ በይልኝ። ፍንጭቷን ትልቋን ልጅሽን ጉንጭና ጉንጯን፣ ዓይኑን ያላየሁትን ሕፃን ግንባሩን ሳሚልኝ። አብራችሁ ያለችውን የባለቤትሽን እናትም፣ ልጄን በእኔ ፈንታ ስላራሰችልኝ እግዜር ይስጥልኝ በያት።

እናትሽ
ካደግሽበት ቤት፣ የካቲት 11 ቀን