በአርባ አንድ ጎረቤቶች ስም ስለተፈረመው ዝርዝርና ስለ ጠበቃ ሊዋይዋይ ዲማኩላንጋን ዕረፍት

እኔ የፑሎንግ ባካዋን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ ቴሬሲታ ማናላስታስ፣ ለሟች ባለቤቴም ሆነ ለቄሳችን በኑዛዜ ነግሬ የማላውቀውን ነገር ሳላስቀድም የጠበቃችንን ሞት መጻፍ አልቻልኩም። ባሕራችን ላይ የሚሠራው ኩባንያ የነዋሪዎች ማረጋገጫ ብሎ ባቀረበው ዝርዝር ላይ በአርባ ጎረቤቶቼና በባለቤቴ ስም የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ማኅበራችን ጠበቃዋ ሊዋይዋይ ዲማኩላንጋን ባለፈው ማክሰኞ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው በልብ ሕመም ማረፋቸውን በከባድ ሐዘን ያስታውቃል።

ጠበቃ ሊዋይዋይ በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የያዙት ሥራ፣ ትላልቅ ኩባንያዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ አደጋ ለባለአክሲዮኖችና ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን በየዓመቱ የሚያቀርቡትን ሪፖርት መመርመር፣ የተደበቀውንም በሕግ ማስወጣት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ መንደራችን የመጡት ባሕሩን በአፈር እየሞላ መሬት የሚሠራውን ኩባንያ ሪፖርት ይዘው ነው። በቤተ ጸሎቱ ደጃፍ ተቀምጠው በቋንቋችን አነበቡልን። ኩባንያው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ በመሥሪያ ቤቱ ስለቀየራቸው አምፖሎች ዘጠኝ ገጽ ጽፏል፤ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ወደ ቤታችን ስለሚገባው ውሃ አንድ መስመር የለም። ሊቀመንበራችን ማንግ አምቦ ለጠበቃዋ፣ «ታዲያ አተርኒ፣ አምፖሎቹን ይላኩልን እንጂ! ውሃው ሲገባ እንድናየው» አሉ። ከሁላችንም አብልጠው የሳቁት ጠበቃዋ ነበሩ።

በ2019 ኩባንያው ስብሰባ ጠራ። ስሙ ለተፈረመ ሰው ሁሉ ሩዝና ሰርዲን ይታደል ነበር። በእኛ ዘንድ እርዳታ ሲታደል ባሕር ላይ ላለ ጎረቤት መፈረም ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለመፈረም ነው። ሸርጣን የሚወጣበት ቀን ስለነበር የመጡት ሃያ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጽሕፈት ስለምችል ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጡኝ። ያኔ በሕይወት የነበረውን ባለቤቴን ጨምሮ ለቀሩት ሁሉ ፈረምኩ፤ ድርሻቸውንም በየቤታቸው አደረስኩ፣ ስለ ፊርማው ግን አልነገርኳቸውም። በወረቀቱ አናት ላይ «የተገኙ ሰዎች» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈም። በዓመቱ ሪፖርት ላይ ግን «ስልሳ አራት ነዋሪዎች ጎርፍ እንደማያሰጋቸው በፊርማቸው አረጋግጠዋል» ተብሎ ወጣ።

በ2021 ጠበቃ ሊዋይዋይ ሪፖርቱ አደጋ ደብቋል፣ ሐሰትም ይዟል ሲሉ ለኮሚሽኑ አቤቱታ አቀረቡ። አርባው ጎረቤቶቼና ባለቤቴ አልፈረምንም ብለው ማሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ጠበቃዋ ፊርማውን የፈጠረው ኩባንያው ነው ብለው ተከራከሩ። ኩባንያው ያመጣው የጽሕፈት መርማሪ ግን ከሠራተኞቹ የማንም እጅ እንዳልሆነ አስረዳ።

ጠበቃዋ በ2022 በሌሎች ሁለት የባሕር ዳር መንደሮች በያዙት ክርክር ሁለት ድርጅቶች ሪፖርታቸውን እንዲያርሙ አስገድደዋል። የእኛ አቤቱታ በ2023 ውድቅ ሆነ። ጎረቤቶቼም ሩዝ በልተው የካዱ ተባሉ።

ውሳኔው በተሰማ ዕለት ጠበቃዋ ሰብስበውን፣ «ማንንም አልቆጣም። የፈረመው ሰው ከመካከላችሁ ካለ ይንገረኝ፤ ወረቀቱ ዛሬውኑ ዋጋ ያጣል» ብለው ለመኑን። ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ እትዬ ባለው የመንደራችን አጠራር፣ «አሊንግ ቴሲንግ፣ እርስዎ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ። ይሄን እጅ አያውቁትም?» አሉኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አመለከቱ። ለጻፏቸው አሥራ ስድስት ደብዳቤዎች ኮሚሽኑ «ደርሶናል፤ በመታየት ላይ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠም። ማኅበራችን በዚህ መጓተት እጅግ ማዘኑን በዚህ አጋጣሚ ይገልጻል። የእኔ ዝምታ ግን ከኮሚሽኑ ይብሳል፤ እኔ መልሱን አውቅ ነበር። አሁን ኮሚሽኑ ተጨማሪ ማስረጃ የሚቀበለው እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ ነው። ያ ቀን ካለፈ መዝገቡ ለዘለቄታው ይዘጋል፣ አፈር መሙላቱም ይቀጥላል።

ይህን ጽሑፍ ቅዳሜ ለማኅበራችን ኮሚቴ ሳነብ ማንግ አምቦ አቋረጡኝ፦ «ቴሲንግ፣ የሀዘን መግለጫ ጻፊ አልንሽ እንጂ ተናዘዢ መች አልንሽ? በይ ይሄን ሰርዘሽ ደህና ደህናውን አስገቢ።»

ሸርጣን ሻጯ አሊንግ ፑሪንግ ተነሡ። «ማን ነው የሚሰርዘው? ገበያ በወጣሁ ቁጥር ‹ሩዝ በላ› እየተባልኩ የኖርኩት እኔ! አንዲት ቃል እንዳትነኩ!» ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንቺንም ገና አልጨረስኩሽም። ግን ያኔ ባትፈርሚልኝ ኖሮ እጣላሽ ነበር።»

ኮሚቴው ጽሑፉ እንዳለ እንዲወጣ በድምፅ ብልጫ ወስኗል።

ለእናታቸው ለኡርሱላ ዲማኩላንጋን፣ ለቢሯቸው ባልደረቦችና ለሌሎቹ ሁለት መንደሮች ነዋሪዎች ማኅበራችን ብርታትን ይመኛል። እናታችን፣ ልጅዎ በሙያቸው አልተሸነፉም። ከሚከራከሩላቸው ሰዎች አንዷ ዋሽታቸው ነው።

የዚህ መግለጫ አንድ ቅጂ ለእናታቸው ይሰጣል፣ አንዱ በቤተ ጸሎቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ለኩባንያው ጠበቆች ይላካል። ዋናውን፣ በቃለ መሐላ ፈርሜበትና የእጅ ጽሕፈቴን ናሙና አያይዤ፣ ሰኞ ጠዋት ራሴ የማስረክበው ለኮሚሽኑ መዝገብ ሹም ነው።