ፎም ከባድ ነው ላሉን የገበያ አዳራሽ አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የገበያ አዳራሻችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የምድር ቤት ነጋዴዎች ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን የሚያውቀው ጎረቤቴ ብረት በያጁ ነው።

እኔ በአዳራሹ ጥግ ፎም የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ያንን ነጩን፣ ሲፋተግ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ የሚያወጣውን፣ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዙ ከካርቶኑ አውጥተው የሚጥሉትን ማለቴ ነው። ግንበኞች የወለሉን ክብደት ለመቀነስ፣ ዓሣ ነጋዴዎች በረዷቸው እንዳይቀልጥ፣ የጤና ጣቢያ ሰዎች ክትባታቸው እንዳይሞቅ ይገዙኛል። ከመቶው ዘጠና ስምንት እጁ አየር ነውና ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት አየር ነው ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ኮሚቴዎ ጭነቴን በዓይኑ መዝኖ ከባድ መሆኑን ስላሳወቀኝ አመሰግናለሁ። ከግቢው ማዶ ያለው የእንጨት ወለል መጋዘን ግማሹ ባዶ ስለሆነ ወደዚያ ልዛወር ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ዕቃዬን ሽቅብ አይተው፣ «ይህን የሚያህል ጭነት? መጋዘኑን ልትጥለው ነው እንዴ?» አሉኝ። ሌላኛው ግማሽ ለሴራሚክ ነጋዴው የተፈቀደው ካርቶኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የወለሉ መሃል ሰርጉዷል፤ ጥፋቱ ግን የወለሉ እንጂ የኮሚቴው ሊሆን አይችልም።

2. በያጁን ጎረቤቴ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። የሚለየን አንድ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ነው። መልካም ሰው ነው፤ በየማለዳው ግድግዳው ላይ እርጥብ ጆንያ ይሰቅልልኛል፣ የእሳቱ ፍንጣሪ ሲበዛ ደግሞ ግድግዳውን አንኳክቶ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ፎም እሳት ሲያገኘው መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ እየተንጠባጠበ ይነድዳል፣ ጭሱም ጥቁርና ወፍራም ነው። ይህንኑ ብጽፍ፣ ቢሮዎ ክብደትን እንጂ ጭስን የሚመለከት ክፍል እንደሌለው ተመለሰልኝ። ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ።

3. ዕቃዬን ግቢ ባወጣው ነፋስ አንሥቶ በየጣሪያው በተነውና፣ ግቢ አቆሽሸሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የፈረሙት ከባድ ነው ያሉኝ እኚያው ሰብሳቢ ናቸው፤ ትጋታቸውን አደንቃለሁ።

4. የቢሮዎ ኮርኒስ ከእኔ ሱቅ የሄደ ፎም ነው። ሙቀት አያሳልፍምና ቅዝቃዜው ሲመችዎ ደስ ይለኛል። ድምፅ ግን እምብዛም አያግድም፤ ስለዚህ ጩኸታችን እንዳይደርስዎ ያደረገው የእኔ ዕቃ አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማረጋገጥ እወዳለሁ።

ተራ ቁጥር ልሰጠው ያልቻልኩት አንድ ነገር ቀርቷል። ከሱቄ በላይ ልብስ ሰፊዎች ይሠራሉ፤ አንዷ እኔን ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየእርከኑ እያረፈች ነው የምትወርደው። ደረጃው አንድ ብቻ ነው፤ የሚያበቃውም በእኔ በር ላይ ነው። ሌላ ቦታ ሥሪ ብዬ ብለምናት፣ «ፎሙን ተወው ወንድምዬ፤ ይህ ሕንጻ ያልቻለው የእኔን ክብደት ነው» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ማታ ማታ የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ድሮ ስለ ገበያው ብዙ እጽፍ ነበር፣ አሁን የምጽፈው አንድ መስመር ነው፦ «ዛሬም አልተቃጠልንም።»

ክቡርነትዎ፣ መጋዘን እንኳ ቢቀር፣ እባክዎ አንድ ቀን ብቅ ይበሉና አንዱን ፎም በእጅዎ ያንሡት። ሌላ ምንም አልለምንም።

ዕቃዬን ከብረት፣ አቤቱታዬን ከአየር ለመደበልኝ አስተዳደር ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣

ውለታዎ የከበደኝ አክባሪዎ፣
የምድር ቤቱ ፎም ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በአዳራሹ በር ላይ፣ ሌላውን ከቁመቴ በሚበልጥ ፎም ላይ ለጥፌ ለእርስዎ ልኬያለሁ። ያን ከባድ ጭነት በብብቷ ሸጉጣ የምትመጣው እህቴ ናትና አይደንግጡ። ፎሙን ኮሚቴው ለአራት ይሸከመው። እሷን ግን በያጁ ሥራውን እስኪጨርስ እዚያው ያቆዩልኝ፤ የእርስዎ ቢሮ ሁለት በር አለው።